በፕሮግራም ሥራ ውርስን ስለ መገደብ

(በአስኮ በተደረገው የማኅበሩ አባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የስብሰባው አዘጋጅ ኮሚቴ ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ ርእሱን እኔው እንድመርጥ ፈቅዶልኝ ነበር። ብዙዎቻችሁ በየዕለቱ ስለምንሰማቸው ስለ ታላላቆቹ አዳዲስ ጥበቦች እንድናገር ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔ ግን የመረጥሁት ትንሽ የሚመስል ጉዳይ ነው። ይኸውም አንድ ፕሮግራም ሠሪ የጻፈውን ክላስ ሌላው እንዲወርሰውና በውስጡ ያሉትን ዘዴዎች ሽሮ በራሱ እንዲተካ መፍቀድ ያለበት መቼ ነው፣ መከልከል ያለበትስ መቼ ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ርእሱን እንድመርጥ ያደረገኝ በዚሁ በአስኮ የሠራሁት አንድ ስሕተት ነው። ስሕተቱ የእኔ ሆኖ ሳለ ወቀሳውን የተቀበለ ሌላ ሰው ስለ ነበረ፣ ነገሩን በእናንተ ፊት መናገር ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከዊንጌት ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ለሚገኝ አንድ አነስተኛ የቁጠባና የብድር ማኅበር ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር የሒሳብ ፕሮግራም ሠርተን ነበር። ሥራው ከተጀመረ በኋላ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄጄ ሳለሁ፣ በዚያው በጽዳት ሥራ የሚያገለግሉ አንዲት እናት አንድ ወረቀት ይዘው ቀረቡኝ። ከደመወዛቸው እየተቆረጠ የሚጠራቀምላቸው 12,000 ብር ያህል ነበራቸው፤ ለልጅ ልጆቻቸው የትምህርት ቤት ወጪ ሊያወጡት ነበር።

«ልጄ፣ ከነሐሴ 25 እስከ መስከረም 5 ስንት ቀን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ዘመኑ ሉቃስ ስላልነበረ ጳጉሜን 5 ቀን ነበረች። «15 ቀን ነው፣ እማማ» አልኋቸው።

«ታዲያ ወረቀታችሁ 10 ቀን ይላል። ጳጉሜንን የት ጣላችኋት?»

ወረቀቱን አየሁት፤ እውነታቸውን ነበር። በዓመት በመቶ 7 በሚታሰበው ወለድ የ5 ቀን ጉድለት ለ12,000 ብር 11 ብር ከ51 ሳንቲም ያህል ይሆናል። ገንዘቡ ትንሽ ነው ሊባል ይቻላል። ነገር ግን በጣቶቻቸው ቈጥረው የደረሱበትን እውነት ኮምፒዩተሩ ካስተባበለባቸው፣ ከዚያ በኋላ የምንሰጣቸውን የትኛውን ወረቀት ያምናሉ? የቁጠባ ማኅበር ያለ እምነት ምንድን ነው?

ወደ ቢሮዬ ተመልሼ ምክንያቱን ስፈልግ ያገኘሁት እንዲህ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ «ቀን» የተባለ ክላስ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። ክላሱ ሁለት ዋና ዋና ዘዴዎች ነበሩት። አንደኛው አንድ ወር ስንት ቀን እንዳለው ይናገራል፤ ሁለተኛው በሁለት ቀኖች መካከል ያለውን ልዩነት ያሰላል። ሁለተኛው ዘዴ ሥራውን የሚያከናውነው ከወር ወደ ወር እየተራመደ፣ በየወሩ «ይህ ወር ስንት ቀን አለው?» እያለ የመጀመሪያውን ዘዴ በመጠየቅ ነበር። ይህን የውስጥ ጥሪ ከእኔ በቀር የሚያውቀው አልነበረም፤ በጽሑፍም አላስቀመጥሁትም።

ከእኛ ሁሉ በዕድሜ የሚያንሰው ባልደረባችን የማኅበሩን ሠራተኞች ደመወዝ የሚያሰላውን ክፍል ይሠራ ነበር። ወርኀዊ ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ የሚከፈል ስለሆነና ለጳጉሜን የተለየ ክፍያ ስለሌለ፣ የእኔን ክላስ ወርሶ «የደመወዝ ቀን» የተባለ ሌላ ክላስ አወጣ። በውስጡም የወሩን ቀኖች ብዛት የሚናገረውን ዘዴ ሽሮ፣ ጳጉሜን ስትሆን ዜሮ እንዲመልስ አደረገ። ለደመወዝ ሥራ ይህ ፍጹም ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ ከደመወዝ የሚቆረጠው ቁጠባ ወደ መዝገብ ሲገባ ይዞት የሚገባው ይህንኑ «የደመወዝ ቀን» ነው። የወለዱ ክፍል ደግሞ «ቀን» የሆነውን ሁሉ ይቀበላል፤ ልጁ በአባቱ ስም ገባ ማለት ነው። የቀኖችን ልዩነት የሚያሰላው የእኔ ዘዴ ከወር ወደ ወር ሲራመድ ጳጉሜን ላይ ደርሶ «ስንት ቀን አለሽ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የመለሰለት የእኔ ዘዴ ሳይሆን የተተካው ዘዴ ሆነ። መልሱም ዜሮ ነበር። በጥሬ ገንዘብ የሚቆጥቡት አባላት ሒሳብ ሳይነካ ከደመወዛቸው የሚቆረጥባቸው ሁሉ ጳጉሜንን አጡ። የሙከራ ሥራችንም የእኔን ክላስ ብቻ የፈተነ ስለ ነበረ አንዳች አልታየውም።

በማግሥቱ በስብሰባ ላይ ወጣቱን ባልደረባችንን ገሠጽሁት። «ውስጡን የማታውቀውን ዘዴ ለምን ነካህ?» አልሁት። እርሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ እንዳይነካ የሚል ነገር የት አለ?» ሲል መለሰልኝ።

ክቡራንና ክቡራት፤ መልስ አልነበረኝም። በሩን ከፍቼ የተውሁት እኔ ነኝ፤ የገባውን ሰው የወቀስሁትም እኔው ነኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውርስ የሚለውን ቃላችንን ደጋግሜ አሰብሁበት። በአገራችን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረትም ሆነ በልማዳችን፣ ውርስ የሚከፈተው አውራሹ ሲሞት ነው። ወራሹ የሚረከበው ንብረት ያለቀለት፣ ተቈጥሮ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ሟቹ ተመልሶ መጥቶ የቤቱን ምሰሶ አያነቃንቅም። በፕሮግራም ሥራ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አውራሹ በሕይወት አለ። ዛሬ ያወረሰውን ነገ ያሻሽላል፣ ይለውጣል፣ ያፈርሳል። ወራሹም እንዲሁ በአባቱ ቤት ውስጥ ሆኖ ግድግዳውን ይለውጣል፤ አባትየውም በዚያው ቤት እየኖረ ነው። አንዱ ሌላውን ሳያማክር ያደረገው ለውጥ የሁለቱንም ቤት ሊያናጋ ይችላል። በሙያችን ደካማ የአባት ክላስ ችግር እየተባለ የሚጠራው ይህ ነው።

የክላስና የውርስ ሐሳብ በግልጽ መልክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ የተባሉ ሁለት ኖርዌያውያን በኦስሎ በኖርዌይ የኮምፒዩተር ማእከል ባዘጋጁት ሲሙላ በተባለው ቋንቋ ነው። የአባትን ዘዴ ልጅ እንዲተካ የሚያስችለውም ቨርቹዋል የተባለው አሠራር ያን ጊዜ አብሮ የመጣ ነው። ሐሳቡ ብዙ ድካም ያቀለለ ታላቅ ሐሳብ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ባርባራ ሊስኮቭ የተባሉት አሜሪካዊት ሊቅ በአንድ ጉባኤ ላይ ባደረጉት ንግግር አንድ መሠረታዊ ቅድመ ሁኔታ አስገነዘቡ። በአጭሩ ሲገለጽ፣ አባት በሚጠበቅበት ቦታ ሁሉ ልጅ ቢተካ የፕሮግራሙ እውነት መናጋት የለበትም የሚል ነው። በዚህ ሚዛን ሲመዘን «የደመወዝ ቀን» ከ«ቀን» ጋር በስም ቢዛመድም በጠባይ ልጁ አልነበረም። የሚያሳዝነው ግን ይህን ልዩነት ኮምፒዩተሩ አያየውም፤ የሚያየው የዘር ሐረጉን ብቻ ነው።

ስለዚህም የቋንቋ ነዳፊዎች በየጊዜው የመገደቢያ ቃል እየጨመሩ መጥተዋል። ጃቫ ከመጀመሪያው ፋይናል የሚል ቃል ነበረው። ይህ ቃል በክላስ ላይ ሲጻፍ ውርስን ይከለክላል፤ በዘዴ ላይ ሲጻፍ መተካትን ይከለክላል። የጃቫ የጽሑፍ ክላስ፣ ማለት ስትሪንግ የሚባለው፣ የተዘጋው በዚሁ ቃል ነው። የፋይል ስም ተመርምሮ ካለፈ በኋላ ሌላ ስም የሚያሳይ አታላይ ወራሽ ቢፈቀድ ኖሮ የደኅንነት ጥበቃ ሁሉ ከንቱ በሆነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በይፋ የወጣው ሲ ሻርፕ ዘዴዎችን ከመነሻው ዘግቶ፣ እንዲተኩ የሚፈልግ ጸሐፊ ቨርቹዋል ብሎ እንዲከፍት ያስገድዳል፤ ክላሱን ሙሉ በሙሉ ለመዝጋት ደግሞ ሲልድ የሚለውን ቃል ሰጥቷል። ሲ ፕላስ ፕላስ ይህን መሰል መከልከያ ያገኘው በ2011 ደረጃው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያ እትሙ የወጣው ኮትሊን ግን ሕጉን ገልብጦ ክላሱንም ዘዴውንም ከመነሻው ዝግ አደረገ፤ መክፈት የፈለገ ኦፕን ብሎ ይጻፍ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው በጃቫ 17 ሲልድ የሚለው ቃል ሌላ ትርጉም ይዞ ጸንቷል። በሲ ሻርፕ ሲልድ ማለት ወራሽ የሌለው ማለት ሲሆን፣ በጃቫ ግን ወራሾቹ በስም የተዘረዘሩ ማለት ነው፤ በኑዛዜ ላይ ስሙ ካልሰፈረ በቀር ማንም አይወርስም። በሁለቱ ቋንቋዎች የምትሠሩ ባልደረቦች ቃሉ እንዳያሳስታችሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ጳጉሜን ልመለስ። ከላይ የተናገርሁት ስሕተት ከደረሰብኝ በኋላ፣ የኢትዮጵያን የዘመን አቈጣጠር በኮምፒዩተር ያዘጋጁ ታዋቂ ሥራዎች ይህን ጉዳይ እንዴት እንደ ያዙት መረመርሁ። አይ ሲ ዩ በተባለው የጃቫ ክምችት ውስጥ የኢትዮጵያና የግብጽ ኮፕቶች አቈጣጠር አንድ የጋራ አባት አላቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁለቱም 12 ባለ 30 ቀን ወሮችና አንድ 5 ወይም 6 ቀን ያላት አሥራ ሦስተኛ ወር አሏቸው፤ የሚለያዩት በዋናነት በዓመቱ ቍጥር ነው፤ የእኛ የኮፕቶቹን በ276 ዓመት ይበልጣል። የጋራ አባታቸው ከጥቅሉ ውጭ ላለ ሰው አይታይም። ሁለቱ ልጆች ደግሞ ፋይናል ተብለው ተዘግተዋል። ጆዳ ታይም የተባለው ሥራም በተመሳሳይ መንገድ የተሠራ ነው። እንግዲህ በእነዚህ ሥራዎች ውርስ አልተጠላም። ቤተሰቡ በሚተዋወቅበት ግቢ ውስጥ፣ አባትና ልጆችን አንድ እጅ በሚጠብቃቸው ቦታ ውርስ ይሠራል፤ ከግቢው አጥር ውጭ ግን በሩ ዝግ ነው። ጳጉሜንን ዜሮ ማድረግ የፈለገ ሰው በዚያ በኩል ሊያደርገው አይችልም።

ነገር ግን መዝጋት ብቻ መልካም ነው ብዬ ንግግሬን ብፈጽም ለእኛ አገር ባለሙያ ፍርድ አጓደልሁ ማለት ነው። የምንሠራባቸውን መሣሪያዎች አብዛኞቹን የጻፉት ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ናቸው። ሲጽፉ አሥራ ሦስተኛ ወር ትዝ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። እነርሱ ረስተው የዘጉትን እኛ ወርሰን እንዳናሟላ ከተከለከልን፣ የሚቀረን መላው ሥራ እንደገና መገልበጥ ነው። ይህ ቅሬታ እውነተኛ ነው። የኮትሊንም ገጠመኝ ይህንኑ ያስረዳል፤ ሁሉን ከመነሻው ስለ ዘጋ፣ ክላሶችን በሥውር እየወረሱ ከሚሠሩት እንደ ስፕሪንግ ካሉ ማዕቀፎች ጋር እንዲስማማ፣ የተዘጋውን የሚከፍት ልዩ ተጨማሪ መሣሪያ ማዘጋጀት ግድ ሆኗል።

መልሱ ምንድን ነው? ለዚህ በየቤታችን ያለውን የመብራት ቆጣሪ እንመልከት። ቆጣሪው በማኅተም የታሸገ ነው። ባለቤቱ እንኳ ከፍቶ ውስጡን መነካካት አይፈቀድለትም፤ ቢነካካ ኖሮ የሁላችንም ሒሳብ እምነት የሌለው በሆነ ነበር። ይሁን እንጂ ከቆጣሪው የሚወጣው መስመር ክፍት ነው። አከራዩ ከዋናው ቆጣሪ በኋላ ለየተከራዩ ሌላ ቆጣሪ ያስገባል፤ በራሱ ስሌት ይካፈላል፤ ቢሳሳት የሚጣላው ከተከራዮቹ ጋር ነው እንጂ ዋናው ቆጣሪ አይዛባም። ተከራዩ ዋናውን ቆጣሪ አልወረሰም፤ ተጠቀመበት እንጂ። በሙያችን ኢንተርፌስ የምንለው ያ የመውጫ መስመር ነው፤ አንዱን ክላስ በሌላው ውስጥ ይዞ መሥራት የምንለውም ያ ሁለተኛው ቆጣሪ ነው።

የዚህ አሠራር ምስክር ደግሞ ከጳጉሜን ርቆ አይገኝም። የቀድሞው የጃቫ የቀን ክላስ፣ ዴት የተባለው፣ ለውርስም ለለውጥም ክፍት ስለ ነበረ ብዙ ጣጣ አስከትሏል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከጃቫ 8 ጋር የወጣው አዲሱ የጊዜ ክምችት ሎካል ዴት የተባለውን ዋና የቀን ክላስ ፋይናል አድርጎ ዘጋው። አብረውት ከመጡት አቈጣጠሮች መካከል የታይላንድ፣ የጃፓን፣ የታይዋንና የእስልምና ሲገኙ የኢትዮጵያ አልነበረም። ይሁን እንጂ ነዳፊዎቹ ክላሱን ሲዘጉ በአጠገቡ ክሮኖ ሎካል ዴት የተባለ ኢንተርፌስ ትተው ነበር፤ ሌላ አቈጣጠር ያለው ሕዝብ በዚያ በኩል እንዲገባ ማለት ነው። ስሪ ተን ኤክስትራ የተባለው ተጨማሪ ክምችት የኢትዮጵያን ቀን ያስገባው በዚያ በር ነው። ዋናውን ክላስ የወረሰ የለም፤ የተሻረ ዘዴም የለም፤ ጳጉሜን ግን ገብታለች። የገባችበት የኢትዮጵያ ቀን ክላስም በተራው ፋይናል ነው። እኔ ይህን ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ አስተማሪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከዚህ በመነሣት ለባልደረቦቼ ላቀርብ የምወደው ምክር በአራት ነጥቦች የሚጠቃለል ነው።

አንደኛ፣ ክላስ ስንጽፍ ከመነሻው ዝግ እናድርገው። ዝግን ኋላ መክፈት ማንንም አይጎዳም፤ ክፍትን ኋላ መዝጋት ግን የወረሱትን ሁሉ ሥራ ያፈርሳል። ጆሹዋ ብሎክ እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ ጃቫ ባወጣው መጽሐፉ፣ ለውርስ ታስቦ ያልተሠራ ክላስ መዘጋት እንደሚገባው አጥብቆ የመከረው ይህን በመገንዘብ ይመስለኛል።

ሁለተኛ፣ ለመክፈት ከወሰንን የውስጡን ጥሪ በጽሑፍ እናስቀምጥ። የትኛው ዘዴ የትኛውን እንደሚጠራ፣ ወራሹ ሲተካ ምን ቃል ኪዳን መጠበቅ እንዳለበት ይታወቅ። ይህን ለመጻፍ ከታከተን፣ ለመክፈት አልተዘጋጀንም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ሒሳብ፣ ቀን፣ ገንዘብና መታወቂያ የሚመለከቱ ዘዴዎች የሚተማመኑት በሌላ ሊተካ በሚችል ዘዴ ላይ መሆን የለበትም። የእኔ የቀኖች ልዩነት ማስሊያ የወሩን ርዝመት ከተዘጋ የውስጥ ስሌት ወስዶ ቢሆን ኖሮ፣ ባልደረባዬ የፈለገውን ቢተካም ወለዱ ባልጎደለ ነበር።

አራተኛ፣ በር የዘጋ ሰው ሌላ መግቢያ የማመልከት ግዴታ አለበት። እንድንዘጋ መብት የሚሰጠን ለሌላው የሚሠራበት መንገድ ስንተው ነው። መውጫ መስመር የሌለው የታሸገ ቆጣሪ ብርሃን አይሰጥም።

የአስኮው ጉዳይ እንዴት እንደ ተፈጸመ ተናግሬ ላብቃ። «ቀን» የተባለውን ክላስ ዘጋሁት። ወጣቱ ባልደረባችን «የደመወዝ ወር» የተባለ አዲስ ክላስ ጻፈ፤ ይህም «ቀን»ን በውስጡ ይይዛል እንጂ አይወርስም፤ ስለዚህም ወደ ወለዱ ክፍል በአባት ስም ሊገባ አይችልም። ከደመወዛቸው የሚቆረጥባቸውን ሁሉ ሒሳብ እንደገና አሰላን፤ የጎደለውም ከመስቀል በፊት ተከፈለ። እኒያ እናት አዲሱን ወረቀት ተቀብለው እንደ ልማዳቸው በጣቶቻቸው ቈጠሩ፤ 15 ሲሞላላቸው ወረቀቱን አጥፈው በመቀነታቸው ቋጠሩት፤ ምንም አልተናገሩም።

ያን ወጣት ባልደረባዬን በዚያ ስብሰባ ላይ በሰው ፊት ገሠጽሁት፤ ይቅርታ የጠየቅሁት ግን ለብቻችን ነበር። ያ አይበቃም። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከመካከላችን ተቀምጧልና፣ ስሕተቱ የእኔ እንደ ነበረ በእናንተ ፊት እመሰክራለሁ።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። አባላት በጋራ የምንጠቀምባቸው የፕሮግራም ክምችቶች እየበዙ ነው። ወደፊት ወደ ክምችቱ በሚገባ በእያንዳንዱ ክላስ ራስ ላይ ክፍት ነው ወይስ ዝግ የሚል አንድ መስመር ከነምክንያቱ እንዲጻፍ እንወስን። የአንድ መስመር ድካም ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ወጣት «እንዳይነካ የሚል ነገር የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እዚህ አለ ብለን የምናሳየው ይኖረናል።